የሊቀ መንበሩ የመጨረሻ ጉርሻ

ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ጭብጨባው ገና አልበረደም ነበር። ሊቀ መንበር ዘርዓብሩክ ግን በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት የራሳቸው ፊት ይታይበት በነበረው ነጭ ሸራ ላይ እንዳፈጠጡ ሞተዋል።

ይህ የሆነው በ2014 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በፍልሰታ ጾም አንድ አርብ ከቀትር በኋላ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከሚገኝ ምግብ ቤት በላይ ባለችው የንጋት ንቅናቄ ጽሕፈት ቤት ነው። ንቅናቄው በስደት ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል። በማግሥቱ ቅዳሜ አባላቱ ከየስቴቱ መጥተው ከሥር ከምግብ ቤቱ በተከራዩት አዳራሽ ፊልሙን ሊያዩና የጋሼ ዘርዓብሩክን ተተኪ ሊሰሙ ቀጠሮ ነበራቸው። አርብ ዕለት ፊልሙን አስቀድመው ለማየት ከእሳቸው ጋር ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ግን አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ባለቤታቸው እትዬ ሥርጉት፣ ምክትላቸው ኢንጂነር ማቲያስ፣ የቀድሞ የትግል ጓዳቸው ጋሼ ዳኛቸው፣ ፊልሙን የሠራው ግሩም።

የካውንቲው አስተዳደር የድንገተኛ ሞት መርማሪ ወሰንየለሽ ስትደርስ የአምቡላንስ ሠራተኞች ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነበር። አንደኛው በነጭ ፋሻ ላይ ያስቀመጠውን ነገር አሳያት። ከሟቹ ጉሮሮ በረጅም መቆንጠጫ ያወጣው ነው። ምስር ወጥ የተጠቀለለበት እንጀራ፣ ጥብቅ ብሎ የተጠቀለለ፣ ጥርስ ያልነካው።

«ጉርሻ» አለች ወሰንየለሽ ለራሷ።

እንደ ልማዷ እጆቿን ከጀርባዋ አጣምራ ክፍሉን ዞረችው። ምንም ከመንካቷ በፊት ሁሉን ማየት ሥራዋ ያስተማራት ጠባይ ነው። ሦስት ወንበሮች በአንድ ረድፍ ሸራው ፊት ለፊት ተደርድረዋል። መካከለኛው የሟቹ ነው። በስተቀኛቸው የእትዬ ሥርጉት ወንበር፣ ከእሱ ቀጥሎ ግድግዳውን የተጠጋ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ በአሉሚኒየም ፎይል የተሸፈነ የጾም ምግብ ትሪ። በስተግራቸው የማቲያስ ወንበር። ከበስተኋላ የግሩም ፕሮጀክተርና ላፕቶፕ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጠረጴዛውን ሞልተውታል። ጋሼ ዳኛቸው በስተቀኝ፣ ከትሪው በስተኋላ ካለው በር አጠገብ ቆመው ነበር አሉ።

ፎይሉን ጎንበስ ብላ አየችው። በሚገባ ተሸፍኗል፤ ወደ እትዬ ሥርጉት ወንበር ያለው አንድ ጥግ ብቻ ተጨማድዶ ገብቷል። በጓንት ገለጥ ስታደርገው፣ ከሥሩ እንጀራው በጠርዙ አንድ ጊዜ ተቆርሷል። ሌላው አልተነካም።

ከዚያ ወደ ሟቹ ተመለሰች። ቀኝ እጃቸው በጋቢ ሥር ነው። በነጩ ጢማቸው ላይ፣ በራሳቸው ግራ የከንፈር ጫፍ፣ ቀይ የወጥ ነጠብጣብ አለ። በቀኝ በኩል ምንም የለም። እትዬ ሥርጉት ከቀኛቸው ተቀምጠው ዝም ብለው ያለቅሳሉ። ድንገት ቀኝ እጃቸውን በሟቹ ደረት ላይ አሻግረው ያንን ነጠብጣብ በአውራ ጣታቸው ሊጠርጉት ዘረጉ።

«እትዬ፣ አይንኳቸው፤ አደራ» አለች ወሰንየለሽ።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

*

ማቲያስ ኮሪደር ላይ ጠበቃት፤ እትዬ ሥርጉትም ከክፍሉ ወጥተው አጠገቡ ቆሙ። ቶራንስ ውስጥ በአንድ ነዳጅ ማጣሪያ የሚሠራ ጴንጤ፣ ክራቫቱ በሞት መሐልም ያልተጣመመ ሰው ነው።

«እህት ወሰንየለሽ፣ ይኼ ተራ ሞት አይደለም።»

«ተራ ሞት አይቼ አላውቅም። ምን አዩ?»

«ዳኛቸው ሲያጎርሳቸው አይቻለሁ። ከመጀመሩ በፊት እኮ በአፉ ተናግሯል፤ ‹ዛሬ እኔ ነኝ የማጎርሳቸው› ብሎ። ሁላችንም ሰምተናል።» ከኪሱ ክዳን ያለው የስኳር ዕቃ አወጣ፤ ውስጡ ነጭ ዱቄት አለ። «ይኼንን ደግሞ የዳኛቸው ታክሲ ውስጥ አገኘሁት። አሁን፣ አንቺ ሳትመጪ። በላብራቶሪ ይመርመርልን። ምን እንደሆነ ግን እኛ እናውቃለን።»

«ምንድን ነው?»

«መርዝ ነዋ! ሰውዬው ሰርጎ ገብ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ‹ተተኪ በድምፅ ይመረጥ› እያለ ድርጅቱን ሲበጠብጥ የነበረ። ነገ ለሕዝቡ እናሳውቃለን።»

«እስከ ነገ የምርመራው ውጤት አይደርስም።»

«ሕዝቡ ላብራቶሪ አይጠብቅም» አለ ማቲያስ።

ወሰንየለሽ ዕቃውን በጓንት ተቀብላ በላስቲክ አሸገችው። ዕቃው ላይ የምርት ስያሜ የለም፣ ተልጦ የቀረ የሙጫ ምልክትም አልነበረም፤ ዱቄቱ ከሌላ ዕቃ የተገለበጠ ነው ማለት ነው። ሰው መርዝ የሚያስቀምጠው በየዕለቱ በሚከፈት፣ አፉ በማንኪያ በተፋቀ ዕቃ ውስጥ አይደለም።

*

ጋሼ ዳኛቸው ደረጃው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ማንም አጠገባቸው አልደረሰም። ስልሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ከኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ማን ይባላል?»

«ወንድይራድ።»

«ወንድይራድ! የካሴቱ?» ፊታቸው ለአፍታ በራ። «የዘርዓብሩክን ንግግር እያባዛ በየከተማው በፖስታ የሚልክልን? ነፍሱን ይማር። እንግዲያው አንቺም በዚያ ድምፅ ነው ያደግሽው።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ሌላ ድምፅ አይሰማም ነበር። ጋሼ ዳኛቸው፣ አጎርሰዋቸዋል?»

«ላጎርሳቸው ነበር። ‹ዘጠኝ ሲል እኔ ነኝ የማጎርሳቸው› አልኩ። ሥርጉት ደነገጠች፤ ‹እሱ ጾሞ ይውላል፣ ማታ ቤቱ ይበላል› አለችኝ። አብረን ሱዳንን በእግር ስናቋርጥ ካንድ ቆርቆሮ ነው የበላነው፤ ዓመት ሙሉ ሳላያቸው ቆይቼ አንድ ጉርሻ ይከለከላል?»

«ዓመት ሙሉ ለምን አላዩዋቸውም?»

«ጉሮሯቸውን ታመዋል፤ ዶክተሩ እንዳይናገሩ ከልክሏል፤ ጉልበታቸውም ደክሟል ተባልኩ። መልእክታቸውን በየሳምንቱ በቪዲዮ አያለሁ፣ እሱ ይበቃኝ ነበር። ዛሬ በታክሲዬ ሳመጣቸው እጃቸውን ሳምኩ። ግራ እጃቸውን ነው የሰጡኝ። ዓይናቸው ብቻ ነው ያነጋገረኝ።»

«እርስዎ ምግቡን ቀምሰዋል?»

ሽማግሌው አንጋጠው አዩዋት፤ የተሰደቡ ይመስሉ ነበር። «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ? በፍልሰታ? ለሳቸውስ ቢሆን ጾማቸውን ላስገድፍ ነው?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ነገ ስሜን በማይክ ሲጠሩት ልጆቼ አዳራሹ ውስጥ ናቸው። ሚስቴ ወጥ ቤት ሆና እንግዶቹን ታበላለች። ከነገ ወዲያ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ደጅ እቆማለሁ? እኔን ከዚህ ሕዝብ መሐል አውጥተሽ የት ታስቀምጪኛለሽ?»

ወሰንየለሽ ማስታወሻዋን አየች፤ ፊልሙ የጀመረው በስምንት ነበር፣ አምቡላንስ የተጠራውም ዘጠኝ ሳይሞላ።

*

ግሩም በርባንክ ውስጥ በአንድ ስቱዲዮ በረዳት ኤዲተርነት የሚሠራ የሠላሳ ዓመት ልጅ ነው። ፊልሙን ከመጀመሪያው እንዲያሳያት ጠየቀችው። ጋሼ ዘርዓብሩክ በየዘመኑ ቆመው ይናገራሉ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ሕዝቡን ሲያዩ ሕዝቡ ትንፋሹን ይውጣል። ወሰንየለሽ የአባቷን ሳሎን አስታወሰች፤ ወዲያውም ትዝታውን ወደ ጎን አደረገችው። በመጨረሻው ትዕይንት ሊቀ መንበሩ እንዲህ ይላሉ፦ «እኔ ስደክም… ማቲያስ… ይህን አደራ የሚሸከመው… ማቲያስ ነው… ልጄ ማቲያስ!» ሕዝቡ በጭብጨባ ይናወጣል፤ ሸራው ይጠቁራል፤ ሙዚቃ ይነሳል።

«ድገምልኝ» አለች። ደገመላት። «ስሙን ሲጠሩ ፊታቸውን ለምን አታሳየኝም?»

«የካሜራው አንግል አይመችም ነበር።»

«ሦስት ጊዜ ማቲያስ አሉ፤ ሦስቱንም ጊዜ የሚታየኝ ሕዝቡ ነው። ስሙ ሲጠራ ደግሞ ከኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ይዘንባል። ሌላው ንግግር ላይ ዝናብ የለም። ፊልሙን ስትከፍትልኝ መጨረሻው የተቀዳው እዚሁ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ነው አልከኝ። እዚህ ከተማ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ የት ነው?»

ግሩም ላፕቶፑን ዘጋው። ጆሮው ቀልቷል።

«የድሮ ካሴት ነው» አለ በመጨረሻ። «የስደተኞች ካምፕ ውስጥ የተቀዳ። የቀብር ንግግር።»

«የማን ቀብር?»

«ማቲያስ የሚባል ልጅ። የሃያ ዓመት ታጋይ ነበር፣ በወባ የሞተ። ሶ… ለእሱ ሲያለቅሱ ነው ‹ልጄ ማቲያስ› ያሉት። ኢንጂነሩ አምጥቶ ኤዲት አድርገው አለኝ። እትዬ ሥርጉትም እሺ ብለዋል። የየሳምንቱንም መልእክት ከአሮጌ ፊልም እየቆረጥኩ የምሠራው እኔ ነኝ።» ቀና ብሎ አላያትም። «ሰዉ እኮ እያለቀሰ ይደውልልኛል። ‹ዛሬ ደግሞ ምን አይነት ንግግር ነው ያደረጉት!› ይለኛል። ታንክ ዩ እላለሁ። ታንክ ዩ!»

ወሰንየለሽ ወደ ወለሉ አመለከተች። ከሟቹ ወንበር ፊት ለፊት፣ ከሸራው ግድግዳ እስከ እግር ማሳረፊያው ያለውን ጠባብ ቦታ በሙሉ ይዞ፣ በሦስት ቦታ ነጭ ቴፕ ተለጥፏል። «እዚህ ላይ ካሜራ ቆሞ ነበር።»

«ሪአክሽን እንድቀዳ ነው። ነገ ለሚታየው መጨረሻ፤ ራሳቸውን እያዩ ሲደሰቱ። ግን ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም።»

«ይሰማል?»

አሰማት። ምስሉ እውነትም ጨለማ ነው። «ልጄ ማቲያስ!» ከሚለው ጩኸት ሥር ሌላ ድምፅ አለ፤ ወፍራም፣ የተንተባተበ፣ ካፍ ለመውጣት የሚታገል። «እም… እም… እምቢ።» ቀጥሎ የፎይል መንኮሻኮሽ። ከዚያ ሙዚቃው ከፍ አለና ሁሉን ዋጠው። ካሜራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልተነቃነቀም።

«እዚህ ላይ ድምፁን ማን ከፍ አደረገው?»

«እኔ፣ በእጄ። መጨረሻው ላይ፣ ኤንዲንጉ ላይ ሁሌም ከፍ አደርገዋለሁ።»

*

በዚያው ምሽት፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ወሰንየለሽ የሟቹን ሐኪም በስልክ አነጋገረችና ባልድዊን ሂልስ ወዳለው የሟቹ ቤት ሄደች። ለቅሶ ቤት አይመስልም ነበር። ማቲያስ ጉባኤው ሳይሰማ መርዶው እንዳይነገር አዟል። እትዬ ሥርጉት ኩሽና ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። በመስኮቱ ዘንድ የተሽከርካሪ ወንበሩ ቦታ አለ፤ ግራው በኩል ግድግዳ ነው፣ ቀኙ በኩል የእሳቸው በርጩማ። ከምስማር የተንጠለጠለው የአንገት ፎጣ የሾርባ ቀለም ያለበት በአንድ ወገኑ ብቻ ነው፤ በግራው።

«ሐኪማቸው ነግሮኛል» አለች ወሰንየለሽ።

እትዬ ሥርጉት ተቀመጡ። «ስትሮክ ነው። ዓመት አለፈው። ቀኙን ያዘው፣ ንግግሩን ወሰደው። እኔ መልኩን ሳላይ ድምፁን ነው ያገባሁት፣ ልጄ። ጎንደር ሆኜ፣ በካሴት። ያ ሁሉ ቃል ሄዶ አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው። ውሃ ስሰጠውም እሷን፣ ስስመውም እሷን።»

«እምቢ።»

ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቃሉን እንዴት እንዳወቀችው አልጠየቋትም።

*

ቅዳሜ ጠዋት፣ አዳራሹ በሰው እየሞላ ሳለ፣ ወሰንየለሽ አራቱን በዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አማርኛ የማይሰማ የፖሊስ መርማሪ ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እያንዳንዱን በትናንት ቦታው አስቀመጠችው፤ ጋሼ ዳኛቸው በሩ ጋ ቆሙ። መካከል ላይ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

«ቶሎ ብትጨርሺ» አለ ማቲያስ። «ሕዝብ እየጠበቀን ነው።»

«ሕዝቡ ዓመት ጠብቋል፣ ትንሽ ይጨምር።» ከቦርሳዋ ከፋርማሲ የገዛችውን ቆርቆሮ አወጣች፤ አንድ ማንኪያ ነጭ ዱቄት ውሃ ውስጥ አማሰለች። ከአፍታ በኋላ ውሃው እንደ አጥሚት ወፈረ። «ትናንት የሰጡኝ ዱቄት ይኼው ነው። መዋጥ ለተሳነው ሰው ውሃና ሾርባ ማወፈሪያ። ጋሼ ዘርዓብሩክ ስትሮክ መቷቸው ነበር። ከዓመት ወዲህ ጠጣር ምግብ ክልክል ነው፤ አንድ ጉርሻ ይገድላቸዋል። እትዬ ሥርጉት ታክሲው ውስጥ የረሱት የራሳቸው ዕቃ ነው። ስያሜው እንዳይታይ ስኳር ዕቃ ውስጥ ተገልብጧል።»

ጋሼ ዳኛቸው በሩን ተደገፉ። «ስትሮክ? ለእኔ… ጉሮሮ ነው አላችሁኝ እኮ!»

«ለሁሉም ነው ያልነው» አለ ማቲያስ። «ለትግሉ ሲባል። ድርጅቱ ማለት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ታመዋል ከተባለ በማግሥቱ ማን ይቀራል?»

«እንግዲያው ዱቄቱን መርዝ ሲሉ እያወቁ ነው የዋሹት?» አለች ወሰንየለሽ።

«ዱቄቱን አላውቅም! ወጥ ቤታቸው ገብቼ አላውቅም።» ይህን ሲል ድምፁ እውነተኛ ነበር። «ዳኛቸው ሲያጎርስ ያየሁ መሰለኝ።»

«በጨለማ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ፣ በፍልሰታ። ኢንጂነር፣ እርስዎ ጴንጤ ነዎት፤ ሰዓቱ አልታሰበዎትም። ጋሼ ዳኛቸው ግን ጉርሻውን የቀጠሩት ለዘጠኝ ነው። ምግብ ያልነካ፣ የጓዱንም ጾም የሚጠብቅ ሰው ከሰዓቱ በፊት እጁን ትሪ ውስጥ አይከትም። ለመዋሸት ሲቸኩሉ ሊሆን የማይችለውን መረጡ።»

ማቲያስ ከንፈሩን ነከሰ። ወሰንየለሽ ቀጠለች።

«ጉርሻው ለምን ተሰጠ? ከዚያ ልጀምር። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ጋሼ ዘርዓብሩክ ያልተናገሩትን ቃል በራሳቸው አፍ ሰሙ። ለሞተ ልጅ ያለቀሱት ለቅሶ ሹመት ሆኖ ቀረበላቸው። ሊቃወሙ ሞከሩ፤ ግሩም ቀድቶታል። አንዲት ቃል ነው ያለቻቸው፣ እሷን አወጡ። ያኔ አንድ ሰው ከትሪው ቆርሶ አፋቸውን ዘጋ።»

«እኔ ነኝ የምጠረጠረው ማለት ነዋ!» አለ ማቲያስ። «ከግራቸው የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ነጠብጣቡም በግራ ነው።»

«መጀመሪያ የጠረጠርኩት እርስዎን ነው። ግን ትሪው በወዲያኛው ወገን ነው። ከፊት የካሜራው እግሮች፣ ከኋላ የፕሮጀክተሩ ጠረጴዛ መንገዱን ዘግተዋል። ካሜራው አልተነቃነቀም፤ እርስዎ አላለፉም። ግሩምም በዚያች ቅጽበት እጁ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ነበር። በትሪው በኩል የቀሩት ሁለት ናቸው።» ወደ በሩ አየች። «ጋሼ ዳኛቸው፣ ይምጡ። ባዶው ቦታ ላይ ሰው አለ ብለው በቀኙ በኩል ቆመው ያጉርሱት።»

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ቀረቡ። እጃቸው በቀጥታ ለእሳቸው በሚቀርበው፣ በቀኙ ከንፈር በኩል አረፈች።

«ማንም እንዲህ ነው የሚያደርገው። የጋሼ ዘርዓብሩክ ቀኝ ፊት ግን ሽባ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ብቻ፣ ከቀኝ ተቀምጦ እጁን አሻግሮ በደኅናው በኩል ያጎርሳል። በጨለማ፣ ሳያስብ፣ በየቀኑ እንደለመደው…»

«ይበቃል፣ ልጄ» አሉ እትዬ ሥርጉት። «እኔ ነኝ።»

ከታች የወንበር መንኳኳትና የሕፃናት ጩኸት ይሰማል።

«‹እምቢ› ማለት ጀመረ። ጎርሶ የሚናገር ሰው የለም ብዬ ነው፤ ዝም እንዲል ብቻ። የማውቀውን ሁሉ እጄ ረሳው። በግራ እጁ ክንዴን ያዘኝ፣ ጠበቅ አድርጎ። የተቆጣኝ መሰለኝ። ሲለቀኝ…» ያንን ክንዳቸውን በሌላው እጃቸው ያዙ። «ሲለቀኝ ዝም አለልኝ ብዬ ተመስገን አልኩ።»

«እኔን ፈርተሽ ነው?» አሉ ጋሼ ዳኛቸው። «እኔ እንዳልሰማ?»

«አፍሬ ነው፣ ዳኜ። ያንን አንደበት የምታውቀው አንተ ነህ። በዚያ ድምፁ እንድትሰማው አልፈለግኩም።»

«እኔ እኮ ቁስሉን አጥቤለታለሁ፣ ሥርጉት። ምኑን ነው የደበቅሽኝ?»

ወሰንየለሽ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች። «በጨለማ የሆነውን ዳኛ ይመዝነዋል፤ እኔ አልመዝነውም። ብርሃን ከበራ በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። ኢንጂነሩ የራስዎን ዕቃ መርዝ ሲሉት ሰምተዋል። ይህን ሰው ሰርጎ ገብ ሲሉት አጠገባቸው ቆመው ነበር።»

እትዬ ሥርጉት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ለባላቸው ሞት ሲያለቅሱ ያልሸፈኑትን ፊት አሁን ሸፈኑት።

ማቲያስ ተነሣ። «ኦኬ። ይኼ ከዚህ ክፍል መውጣት የለበትም። ልብ ድካም ነው እንላለን። የዳኛቸውም ስም አይነሳም፣ ፊልሙ ይታያል፣ ጉባኤው ይቀጥላል…» አንድ በአንድ አያቸው። ማንም ቀና አላለለትም። ግሩም እንኳ፣ ሁልጊዜ ትእዛዝ የሚቀበለው ግሩም፣ ጫማውን ያያል። ማቲያስ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ክራቫቱን ፈታ አደረገ።

«ማን ይነግራቸዋል?» አለ ግሩም።

እትዬ ሥርጉት ከነጠላው ሥር ተናገሩ። «ዳኜ ይንገር። አንተ ደግሞ ያንን ድምፅ አሰማቸው። የራሱን።»

*

ጋሼ ዳኛቸው ማይክ ይዘው አያውቁም። መድረኩ ላይ ሲወጡ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ልጆቻቸው ተያዩ። ከወጥ ቤቱ በር ሚስታቸው ሽርጥ እንደታጠቁ ብቅ አሉ።

«ሊቀ መንበራችን ትናንት አርፈዋል» አሉ። ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቁ። «ከዓመት በፊት ታመው ነበር፣ መናገርም አይችሉም ነበር። እኛ ደበቅናችሁ። በየሳምንቱ የሰማችሁት አሮጌ ድምፃቸውን ነው። ተተኪም አልሾሙም። የመጨረሻ ቃላቸው ይኸውላችሁ።»

ወሰንየለሽ ከጎን በር ቆማ «እኛ» ሲሉ ሰማቻቸው። ከአራቱ ምንም ያልደበቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሸራው ጨለማ ሆኖ በራ። «ልጄ ማቲያስ!» አለ የድሮው ድምፅ፣ ዝናቡ ከኋላው እየወረደ። ከሥሩ ሌላው መጣ። «እም… እም… እምቢ።» የፊት ወንበር ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ድምፁን አወቁትና ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። በዚህ ድምፅ ሠላሳ ዓመት ያጨበጨበ አዳራሽ ነው፤ አሁን እጁን የሚያኖርበት አጣ።

ከቃሉ በኋላ ፎይሉ ተንኮሻኮሸ። ግሩም እዚያ ላይ ሊቆርጠው ይችል ነበር። አልቆረጠውም።